የኬሚካል ማገቻ ገንዳ ምን ይቀባ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ሰው ጥያቄውን የሚጀምረው "የትኛውን ኮቲንግ ልግዛ" ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፣ የሚፈሰው ምንድነው፣ ከፈሰሰ በኋላስ እስኪነሳ ስንት ሰዓት እዛው ይተኛል? ይሄ ሳይመለስ የተመረጠ ኮቲንግ በአመቱ ተነስቶ ያገኛችሁታል፣ ወይ ደሞ የሚያስፈልገው ቀን ላይ አሲዱን ወደ አፈር ያሳልፈዋል። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ እዚች ጥያቄ ላይ ነው የሚመለሱት።

ማገቻ ገንዳ ስንል የትኛውን ነው?

ታንክ ቢቀደድ፣ ቫልቭ ቢለቅ ወይ በርሜል ቢገለበጥ ኬሚካሉ ወደ አፈርና ወደ ውሃ መውረጃ እንዳይሄድ ዙሪያውን በግንብ የታጠረው ወለል ነው። አንዳንዱ ዳይክ ይለዋል፣ አንዳንዱ ኮንቴይንመንት፣ ያው ነው። ኬሚካል ከመኪና የሚራገፍበት ወለል፣ የፓምፕ መቆሚያውና ሰምፑም (ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ) አብረው ይቆጠራሉ፣ እንደውም ፍሳሹ ቶሎ ቶሎ የሚያገኛቸው እነዚህን ነው።

መጠኑን በተመለከተ አገሮች የተለያየ ህግ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ በበርሜል ለሚቀመጥበት ቦታ ገንዳው የጠቅላላውን 10% ወይ የትልቁን እቃ ሙሉ መጠን፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን መያዝ አለበት። እንግሊዝ ደሞ የትልቁን ታንክ 110% ወይ የጠቅላላውን 25%፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው የሚሉት። ገንዳው ሜዳ ላይ ከሆነ የዝናቡንም ቦታ አስቡበት።

ኮንክሪት ራሱ ጠንካራ አይደል እንዴ፣ ለምን ይቀባል?

ለክብደት ጠንካራ ነው፣ ለአሲድ ግን አይችልም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲጠነክር ውስጡ ኖራ ይፈጠራል፣ ለዛ ነው አዲስ ኮንክሪት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7 በታች አሲድ ነው) ከ12 በላይ የሚሆነው። አሲድና ኖራ ደሞ አይስማሙም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲያገኘው ይንቸከቸካል፣ ኖራውን ወደሚሟሟ ጨው ቀይሮ ይዞት ይሄዳል፣ የሚቀረው አሸዋና ጠጠር ነው። ሰልፈሪክ አሲድ ደሞ ወደ ጀሶ ነው የሚቀይረው፣ ጀሶው ሲፈጠር ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከላይ እየቀረፈ ይጥለዋል። ነዳጅና ሶልቨንት (እንደ አሴቶን ያለ ማሟሟ ፈሳሽ) ኮንክሪቱን ባይበሉትም በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርገው ወደታች ያልፋሉ፣ ስለዚ "አልተበላም" ማለት "አላሳለፈም" ማለት አይደለም።

አንድ ጊዜ ሰልፈሪክ አሲድ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ስር ያለ ወለል ላይ ተንበርክኬ በሳንቲም እያንኳኳሁ ነበር፣ ላዩ ላይ ያለው ግራጫ ቅብ ሲታይ ደህና ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ፣ ባዶ ሳጥን እንደማንኳኳት ሆነ። በቢላ ቆርጬ ሳነሳው ከስሩ ኮንክሪት የሚባል የለም፣ ነጭ እርጥብ ጀሶ ነው፣ ብረት ስሰድበት እስከ ሁለት ጣት ያህል ያለምንም ችግር ገባ። አሲዱ የገባው ፓምፑን ከወለሉ ጋር በያዘው ቡሎን ዙሪያ በነበረች መርፌ በማታክል ክፍተት ነው። ያን ቀን ነው ኮቲንግ ማለት ከላይ የሚታየው ነገር እንዳልሆነ በደንብ የገባኝ።

እሺ፣ ምርጡ ኮቲንግ የትኛው ነው?

ለሁሉም የሚሆን የለም። "ኬሚካል ይቋቋማል" ተብሎ የሚሸጥ ነገር ካጋጠማችሁ የትኛውን ኬሚካል፣ በስንት ፐርሰንት፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ አራቱ ካልተመለሱ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ምንም አይነግራችሁም።

ሰዓቱ በጣም ወሳኝ ነው። ታንክ ውስጡን የሚለበጥ ነገር ቀን ከሌሊት ኬሚካል ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ማገቻ ገንዳ ግን አብዛኛውን እድሜውን ደረቅ ሆኖ ነው የሚያሳልፈው፣ የሚፈሰው ነገር ሲመጣ ደሞ ቶሎ መነሳት አለበት። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች ለማገቻ ገንዳ የሚሰጡት ደረጃ 72 ሰዓት የሚል ነው፣ ማለትም ኬሚካሉ ሶስት ቀን ቢተኛበት ኮቲንጉ ሳይነሳና ሳያሳልፍ ይቆያል ነው። ቀለሙ ሊለወጥ፣ ትንሽም ሊለሰልስ ይችላል፣ ግን ይይዛል። እንግዲህ ሰራተኛ ለረጅም በአል የሚወጣበት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቦታ ከሆነ 72 ሰአቱ ራሱ ላይበቃችሁ ይችላል፣ ይሄን በሐቀኝነት ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ያሉት አይነቶች ምን ምን ናቸው?

ተራው ኢፖክሲ (ሬዚንና ሃርድነር የሚባል ማጠንከሪያ ተቀላቅለው የሚደርቅ)፣ ቢስፌኖል ኤ የሚባለው፣ ለኮስቲክ ሶዳ፣ ለጨው ውሃ፣ ለነዳጅና ለዘይት፣ ለቀጠነ አሲድም ጥሩ ነው። ለአብዛኛው ቀላል ስራ በቂ ስለሆነ ዝም ብላችሁ ውድ ነገር አትግዙ። ድክመቱ ጠንካራ አሲድ፣ እንደ አሴቲክ አሲድ ያሉ ኦርጋኒክ አሲዶችና ኦክሲዳይዘሮች (እንደ በረኪናና ናይትሪክ አሲድ ያሉ) ላይ ነው። ቢስፌኖል ኤፍ የሚባለው ከሱ ትንሽ ይሻላል።

ኖቮላክ ኢፖክሲ ሞለኪውሎቹ በብዙ ቦታ ስለሚያያዙ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ለወፍራም (ውሃ ላልበዛበት) ሰልፈሪክ አሲድና ለብዙ ሶልቨንቶች መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ግን ጥቅጥቅ ያለ ነገር ደሞ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል፣ ስንጥቅ የሚንቀሳቀስበት ወለል ላይ ብቻውን ሲቀባ አብሮ ይሰነጠቃል፣ ስለዚ በፋይበርግላስ ይጠናከራል።

ቪኒል ኤስተር ለኦክሲዳይዘር ነው። በረኪና፣ ቀጠን ያለ ናይትሪክ አሲድ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካለ እኔ በግሌ ወደሱ ነው የምሄደው። ችግሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ስታይሪን የሚባል ሶልቨንት ስላለው ሽታው ከባድ ነው፣ ትነቱም ይቀጣጠላል፣ እርጥብ ኮንክሪት ላይም አይሆንም። የሚቀባው ሰው ልምድ ያለው መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ፖሊዩሪያ በሰከንዶች ነው የሚደርቀው፣ እንደ ጎማም ይለጠጣል፣ ስለዚ ስንጥቅ የሚበዛበት ሰፊ ወለል ላይ፣ በተለይ ለነዳጅና ለማዳበሪያ አይነት ፈሳሾች ደስ ይላል። ለወፍራም አሲድና ለጠንካራ ሶልቨንት ግን አብዛኛው አይሆንም። ደሞ በጣም ቶሎ ስለሚደርቅ ኮንክሪቱን ሰርጎ የሚይዝበት ጊዜ አያገኝም፣ ትክክለኛ ፕራይመር (መጀመሪያ የሚቀባው አያያዥ ሽፋን) ከስሩ ካልገባ እንደ ላስቲክ ተያይዞ ይላጣል።

ሙቅ አሲድ ሁልጊዜ የሚፈስበት ቦታ ከሆነ ግን ቅብ ብቻውን አይዘልቅም፣ ከስር ሜምብሬን (ፈሳሽ የማያሳልፍ ንጣፍ) ከላይ አሲድ የሚችል ጡብ የሚነጠፍበት አሰራር አለ፣ ወደሱ ሂዱ።

ሰልፈሪክ አሲዳችን 98% ነው፣ ወፍራሙን የሚችል ለቀጭኑም ይሆናል አይደል?

አይሆንም፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 98% ሰልፈሪክ ውሃ ፈላጊ ነው፣ ፕላስቲክ ነክ ነገሮችን ውሃቸውን ነጥቆ ያከስላቸዋል። ቪኒል ኤስተር እስከ 70% ገደማ ላለው ጥሩ ሆኖ ሳለ ከዛ በላይ ሲሆን ይጎዳል፣ እዛ ላይ ኖቮላክ ኢፖክሲው ይቀድመዋል። ተራ ብረት ደሞ የባሰ ይገርማል፣ ወፍራሙን ሰልፈሪክ በታንክ ይይዛል፣ ሲቀጥን ግን ይበላል።

እና ወፍራሙ አሲድ ገንዳው ውስጥ ሲፈስ ወፍራም ሆኖ አይቆይም። ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የዝናብ ውሃ ተኝቶ ከነበረ ወይ ሰራተኛው ደንግጦ የውሃ ቱቦ ከከፈተበት ደሞ በአንዴ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን የሚያወጣው ሙቀት ውሃውን እስከማፍላት ይደርሳል። ስለዚ ኮቲንጉ 98%ቱንም፣ መሀል ላይ ያለውንም፣ ሙቀቱንም መቻል አለበት። አምራቹን ስትጠይቁ ሶስቱንም ለየብቻ ጠይቁ።

በረኪና ያን ያህል ከባድ ነው እንዴ? ቤት የምንጠቀምበት እኮ ነው

ቤት ያለው ቀጭን ነው። ፋብሪካ የሚገባው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15% ነው፣ ኦክሲዳይዘር ስለሆነ ተራ ኢፖክሲን ቀስ እያለ ያነጣዋል፣ ከዛ ላዩን ዱቄት ያደርገዋል። በቪኒል ኤስተር ስሩ፣ ኬሚካሉ በሚነካው የላይኛው ሽፋን ላይ ደሞ የመስታወት ፋይበር ሳይሆን ሰው ሰራሽ ቬል፣ ማለትም የፖሊስተር ስስ ጨርቅ፣ አድርጉ። ለሃይድሮፍሎሪክ አሲድና ለሙቅ ኮስቲክ ሶዳም ይሄው ነው፣ ሁለቱም መስታወትን ይበላሉ። ሃይድሮፍሎሪክ እንደውም ሬዚኑ ውስጥ የሚቀላቀለውን የአሸዋ ፊለር (መሙያ ዱቄት) ራሱ ስለሚያሟሟ የካርቦን ፊለር ነው የሚገባው።

አሲድና በረኪና በአንድ ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል?

በፍፁም። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ሰው ይገድላል። ሁለቱንም የሚችል ኮቲንግ አገኘሁ ብላችሁ እንኳን አትሞክሩ፣ በግንብ ለዩዋቸው፣ ሰምፓቸውም የየራሱ ይሁን። ከስር በአንድ ቱቦ የሚገናኙ ሁለት ገንዳዎች አንድ ገንዳ ናቸው።

ሶልቨንትስ?

ሶልቨንት አይበላም፣ ሰርጎ ገብቶ ነው የሚያለሰልሰው። ሞለኪውሉ ትንሽ የሆነ እንደ ሜታኖል ያለ ፈሳሽ ሲታይ ንፁህና ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ኢፖክሲዎችን ያሰቃያል። አሴቶንም እንደዛው። ሜቲሊን ክሎራይድ ደሞ ቀለም ለማንሳት ራሱ የሚሰራበት ነገር ነው፣ ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ጥሩ ዜና ግን አለ፣ ብዙዎቹ ቶሎ ይተናሉ፣ አጭር ሰዓት ብቻ ከሆነ የሚቆዩት ጥቅጥቅ ያለ ኖቮላክ ብዙ ጊዜ ይወጣዋል።

የኮቲንጉ ዳታ ሺት (የአምራቹ መግለጫ ወረቀት) ላይ "ይቋቋማል" ካለ በቃ አይደለም?

የኬሚካል መቋቋሚያ ሰንጠረዡን ለይታችሁ አስልኩ፣ ከማስታወቂያው ወረቀት የተለየ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ፐርሰንቱን፣ ሙቀቱንና "ለእርጭት"፣ "ለ72 ሰዓት"፣ "ለዘወትር ንክኪ" የሚለውን አንብቡ። ከዛ የእናንተን ኬሚካል ሴፍቲ ዳታ ሺት አያይዛችሁ መልሱን በፅሁፍ ጠይቁ። በተለይ የተቀላቀለ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለት አሲድ አንድ ላይ ወይ አሲድ ውስጥ ትንሽ ሶልቨንት ካለ፣ ሰንጠረዡ ላይ ስለየብቻቸው የተፃፈው አይሰራም።

የእኔ አቋም ግን ሙከራ ካልሰራችሁ አትቅቡ ነው። አምራቹ የተቀባ ናሙና እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ መዝኑት፣ ኬሚካላችሁን የያዘ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ግማሹን ብቻ አጥልቁት፣ ቦታው ደህና አየር ያለውና ጓንትና መነፅር የተደረገበት ይሁን። በ24 ሰዓት፣ በ72 ሰዓትና በሰባተኛው ቀን አውጥታችሁ እጠቡት፣ እንደገና መዝኑት። ክብደት ከጨመረ ፈሳሹን እየጠጣ ነው፣ ከቀነሰ እየተበላ ነው። ግማሹን ብቻ አጥልቁ ያልኩት ለማወዳደር እንዲመቻችሁ ነው፣ ደረቁንና የጠለቀውን በሚስማር ጫፍ ስትጭሩት ልዩነቱ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። አንዴ እንደዚህ አድርጌ ሚስማሩ ደረቁ ላይ እየተንሸራተተ የጠለቀው ላይ እንደ ሳሙና ሲገባ አይቻለሁ፣ መልኩ ግን ምንም አልተለወጠም ነበር፣ በአይን ብቻ አይተን ቢሆን እናሳልፈው ነበር።

ውፍረቱ ስንት ይሁን?

አልፎ አልፎ እርጭት ብቻ የሚያገኘው ቦታ ከ300 እስከ 500 ማይክሮን (ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር) ሊበቃው ይችላል። ኬሚካል ሊተኛበት የሚችል ወለል ከሆነ ግን በፋይበርግላስ የተጠናከረ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው የምመክረው። ፎርክሊፍት የሚሄድበት፣ በርሜል የሚጎተትበት ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር የሚደርስ የሬዚን ሞርታር (ሬዚን ከአሸዋ ጋር የተቦካ) ይደረግ።

ሂሳቡን ራሳችሁ መቆጣጠር ትችላላችሁ። ሶልቨንት የሌለው 1 ሊትር ኮቲንግ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ልክ 1 ሚሊሜትር ይወጣዋል። ሶሊዱ (ሶልቨንቱ ከተነነ በኋላ የሚቀረው) 60% ከሆነ ሲደርቅ 0.6 ሚሊሜትር ይቀራል ማለት ነው። ስለዚ 100 ካሬ ሜትር ላይ 2 ሚሊሜትር ይደረጋል ተብላችሁ የመጣው እቃ 80 ሊትር ከሆነ፣ ስራው ሳይጀመር አስቁሙት።

ኮንክሪቱ እንዴት ይዘጋጅ?

ከሚበላሸው ስራ አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልፃፈው። አዲስ ኮንክሪት ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ። ላዩ ላይ ሲሚንቶው ተንሳፎ የደረቀ ስስ ቅርፊት አለ፣ ሊሾ የተደረገ ወለል ከሆነ ደሞ እንደ መስታወት ነው፣ ኮቲንግ እዛ ላይ ሲቀባ የሚይዘው ቅርፊቱን እንጂ ኮንክሪቱን አይደለም፣ ቅርፊቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። በሾት ብላስት (ትናንሽ የብረት ኳሶችን ወለሉ ላይ በሚወረውር ማሽን) ወይ በዳይመንድ ግራይንደር መነሳት አለበት፣ እኔ ከተቻለ ሾት ብላስት ነው የምመርጠው፣ ግራይንደር አንዳንዴ ከማሻከር ይልቅ ያለሰልሳል። ሻካራነቱ የሚለካበት ሲኤስፒ የሚባል ከ1 እስከ 10 ያለው የጎማ ናሙና አለ፣ ለወፍራም ኮቲንግ ከ3 እስከ 5 ያለውን ነው የምትፈልጉት፣ ስትዳብሱት የብርጭቆ ወረቀት ሊመስላችሁ ይገባል። በአሲድ አጥቦ ማሻከርን አልወደውም፣ ውሃ ያስገባል፣ ጨው ይተዋል፣ አጥቢው ላይም አደጋ ነው።

ድሮ ኬሚካል የፈሰሰበት ወለል ከሆነ የተበላውን ሁሉ እስከ ጤነኛው ኮንክሪት ድረስ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ከዛ በፒኤች ወረቀት ለኩ። ንፁህ ውሃ አንጠባጥባችሁ ወረቀቱን ስታስነኩት ወደ አሲድ ካሳየ ገና አልፀዳም። ዘይት የጠጣ ኮንክሪት ደሞ ሳይፀዳ በግራይንደር ቢፈጭ ዘይቱ ወደውስጥ እየገባ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ በዘይት ማጠቢያ ታጥቦ ከዛ ይፈጭ። ውሃ አንጠባጥቡበት፣ ጠብታው ኳስ ሆኖ ከቆመ ዘይት አለ፣ ወደ ውስጥ ከጠለቀ ደህና ነው።

እርጥበትስ እንዴት አውቃለሁ?

ቀላሉ የላስቲክ ሙከራ ነው። 45 በ45 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጥርት ያለ ላስቲክ ወለሉ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ቢያንስ 16 ሰዓት ተዉት። ስታነሱት ከስሩ ጤዛ ካለ ወይ ኮንክሪቱ ከጎኑ ካለው ጠቆር ካለ አትቅቡ። ይሄ ሙከራ "እርጥብ ነው" ሲል እመኑት፣ "ደረቅ ነው" ሲል ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት፣ ጠለቅ ያለውን እርጥበት ስለማያሳይ ትልቅ ስራ ከሆነ ወለሉ ተበስቶ በሚገባ የእርጥበት መለኪያ አስለኩ።

በተጨማሪ የወለሉ ሙቀት ከጤዛ ነጥብ (የአየሩ እርጥበት ጤዛ መሆን ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሁን። ደሞ ጠዋት ፀሀይ እየወጣ ኮንክሪቱ ሲሞቅ አትቅቡ፣ ውስጡ ያለው አየር እየሰፋ ይወጣና ኮቲንጉ ላይ አረፋ እየሰራ ቀዳዳ ይተዋል። ከሰአት በኋላ ወለሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው ጥሩ ጊዜው፣ ያኔ ኮንክሪቱ ፕራይመሩን ወደ ውስጥ ይስብላችኋል።

ስንጥቅና መገጣጠሚያ ምን ይደረግ?

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ፅሁፍ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ፈሳሽ መሀል ሜዳውን አይፈልግም፣ ጠርዝ ነው የሚፈልገው፣ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት፣ ቱቦ ግንቡን ሰብሮ የሚያልፍበት፣ ቡሎን የገባበት፣ ሰምፑ አፍ ላይ።

የማይንቀሳቀስ ስንጥቅ በቪ ቅርፅ ተከፍቶ፣ በኢፖክሲ ማስቲሽ ተሞልቶ፣ ከላይ በፋይበርግላስ ይታሸጋል። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ከሆነ ግን በደረቅ ነገር መሙላት ዋጋ የለውም፣ ጎኑ ላይ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል፣ እንደ መገጣጠሚያ ቆጥራችሁ በሚለጠጥ ነገር ሙሉት። እና እዚህ ጋ ነው የሚረሳው፣ ለወለሉ ሳምንት ሙሉ ተጨንቀን ኖቮላክ መርጠን፣ ለመገጣጠሚያው ግን ከሱቅ ያገኘነውን ሲሊከን ከሞላንበት አሲዱ ሲሊከኑን በልቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው ሲላንትም እንደ ወለሉ ለዛው ኬሚካል፣ በዛው ፐርሰንት፣ ለዛው ሰዓት የተፈተነ መሆን አለበት። ለነዳጅና ለብዙ ሶልቨንት ፖሊሰልፋይድ የሚባለው ሲላንት የታወቀ ነው፣ ለጠንካራ አሲድ ግን ሰንጠረዡን ዳግም ተመልከቱ። ከሁሉም የሚሻለው ገና ሲሰራ ገንዳው ውስጥ መገጣጠሚያ እንዳይኖር ወይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዲውል ማድረግ ነው፣ ቱቦም በግንብ ውስጥ ሳይሆን በግንቡ ላይ ዘሎ እንዲያልፍ።

ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበትን ቀጥ ያለ ማእዘን በሬዚን ሞርታር አጎብጣችሁ ሙሉት። ፋይበርግላስ ቀጥ ያለ ማእዘን ላይ አይተኛም፣ ከስሩ አየር ይይዛል፣ አየር የያዘ ቦታ ደሞ መጀመሪያ የሚሰበረው ነው። ኮቲንጉም ግድግዳው ላይ ሽቅብ ይውጣ፣ ፈሳሹ እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ፣ ወለሉ ላይ ብቻ አያብቃ።

ድሮ የተቀባ አለ፣ በላዩ ላይ መቀባት ይቻላል?

ድሮ የተቀባው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ አንሱት። አዲሱ ያለው ጥንካሬ ከስሩ ያለው እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው። ካወቃችሁና ተመሳሳይ ከሆነ ደሞ አሻክሩና ትንሽ ቦታ ቀብታችሁ የመላቀቅ ሙከራ አሰሩ። ትንሽ ክብ ብረት ተለጥፎ በመሳሪያ ይሳባል፣ ቢያንስ 1.5 ሜጋፓስካል መያዝ አለበት፣ ሲነቀልም ኮንክሪት ይዞ ከተነቀለ ደስ ይበላችሁ። ንፁህ ሆኖ ከተላቀቀ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም እኔ አላምነውም።

ስራው ሲያልቅ ቀዳዳ አለመኖሩን እንዴት ነው የምናረጋግጠው?

በስፓርክ ቴስተር። ኮንክሪት ትንሽ እርጥበት ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ካልሆነም ከስሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕራይመር ይደረጋል። በኮቲንጉ ውፍረት ልክ ቮልቴጁ የተስተካከለ ብሩሽ ወለሉ ላይ ሲሄድ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ ብልጭ ይላል፣ ድምፅም ይሰጣል። ያን ቦታ በጠመኔ ክበቡት፣ አሻክሩት፣ ድፈኑት፣ እንደገና ፈትኑት። ሶልቨንት የሚተን ባለበት ቦታ ግን ይሄ መሳሪያ እንዳይበራ፣ እሳት ያስነሳል። ይሄን ሙከራ ውል ውስጥ አስገቡት፣ በኋላ "ይደረግልኝ" ማለት አስቸጋሪ ነው።

መቼ ነው ስራ የሚጀምረው?

በእግር ለመሄድ አንድ ቀን ይበቃ ይሆናል፣ ኬሚካል ለመቻል ግን ብዙው ኢፖክሲ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ 7 ቀን ገደማ ይፈልጋል፣ ብርድ ከሆነ ከዛ በላይ። ነክቼው ደርቋል ብሎ በሁለተኛው ቀን በርሜል ማስገባት ያን ሁሉ ድካም ማባከን ነው። ብርድና እርጥበት ባለበት የተቀባ ኢፖክሲ ላይ ደሞ አንዳንዴ የሚያዳልጥ ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ቀጣዩ ሽፋን ከመቀባቱ በፊት በሞቀ ውሃ ታሽቶ ይታጠብ፣ ካልታጠበ ሁለቱ ሽፋኖች አይያያዙም።

ለሚቀቡት ሰዎች ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ሃርድነሩ ቆዳ ላይ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከጀመረ አይተውም፣ ስለዚ ጓንቱ የግድ ነው። ፖሊዩሪያና ፖሊዩሬቴን የሚረጭ ሰው አስም የሚያመጣውን አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ስለሚተነፍስ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ማስክ ያስፈልገዋል፣ የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግም። በቪኒል ኤስተር ስራ ላይ ደሞ ሬዚኑን ለማድረቅ የሚጨመሩት ፐርኦክሳይዱና ኮባልቱ በቀጥታ ለብቻቸው እንዳይቀላቀሉ፣ ይፈነዳሉ። መጀመሪያ አንደኛው ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይማሰል፣ ከዛ ነው ሌላው የሚጨመረው። የገንዳው ግንብ ከፍ ያለ ከሆነ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ስር ስር ነው የሚተኛው፣ ከላይ የቆመው ሰው ምንም ሳይሸተው ተንበርክኮ የሚቀባው ራሱን ሊስት ይችላል፣ ስለዚ ፋን ታች ይደረግ፣ ሰውም ብቻውን አይግባ።

ገንዳው ፀሀይና ዝናብ ላይ ነው፣ ችግር አለው?

ኢፖክሲ ፀሀይ ላይ ይቢጫል፣ ላዩም ዱቄት ይሆናል። መልኩ ብቻ ከሆነ ግድ የለም፣ ግን ዱቄቱ በየአመቱ ውፍረት ይበላል። ፀሀይ የሚችል አሊፋቲክ ፖሊዩሬቴን ከላይ የሚቀቡ አሉ፣ ግን እሱ ለጠንካራ ኬሚካል ከስሩ ካለው ያነሰ ስለሆነ ፍሳሽ ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ይነሳል፣ ይሄን አውቃችሁ ወስኑ። ጣራ ማልበስ ከተቻለ ለኔ ከሁለቱም ይሻላል፣ ዝናቡንም ያስቀርላችኋል።

የዝናብ ውሃ ገንዳው ውስጥ ተኝቶ አይክረም። ቦታ ይይዛል፣ ወፍራም አሲድ ከመጣበትም ያፈላል። ማስወገጃ ቫልቭ ካለው ሁልጊዜ ተዘግቶ ይቆለፍ፣ ውሃው ተለክቶ ንፁህ መሆኑ ሲታወቅ ብቻ ሰው ቆሞ ያፍስሰው፣ ሲጨርስም ራሱ ይቆልፈው። ክፍት የተረሳ ቫልቭ ካለ የቱንም ያህል ጥሩ ኮቲንግ ቢቀባ ምንም አያግድም።

ፍሳሽ ካጋጠመ በኋላ ኮቲንጉ መቀየር አለበት?

የግድ አይደለም። ከተነሳና ከታጠበ በኋላ ቀለሙ የተለወጠበትን ቦታ በጠመኔ ክበቡ፣ በሳንቲም አንኳኩ፣ በጥፍር ጫኑት። ለስልሶ ከሆነ ጥቂት ቀን አድርቃችሁ እንደገና ፈትኑ፣ ሶልቨንት ብቻ ከሆነ ሲተን መልሶ ሊጠነክር ይችላል፣ እንደዛም ሆኖ በስፓርክ ቴስተር ይታይ። ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይ ባዶ ድምፅ ከሰጠ እስከ ጤነኛው ድረስ ተቆርጦ ይጠገን። ቀኑን፣ ኬሚካሉንና ስንት ሰዓት እንደተኛ ፃፉት፣ የሚቀጥለው ሰው ኮቲንግ ሲመርጥ በግምት ሳይሆን በዛ ወረቀት ይመርጣል።

ፍሳሽ ባያጋጥምም በየወሩ ዞራችሁ እዩት፣ በየአመቱ ደሞ ገንዳው ታጥቦ፣ በርሜሉ ተነስቶ ሙሉ ፍተሻ ይደረግ። ስትፈትሹ ከማእዘኖቹ፣ ከቡሎኖቹ ዙሪያና ከሰምፑ አፍ ጀምሩ፣ መሀሉን መጨረሻ ላይ እዩት።